የመዳብ አሸንዳ ለብርድ አገር ቤት፦ ያስገባችሁ ሰዎች ምከሩኝ

ኮሞ_ሰፈር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው፣ ኮሞ ሐይቅ አጠገብ። ቤቱ የ1926 ነው፤ ከገዛነው 4 ዓመት ሆነን። አሁን አሸንዳው አስቸግሮናል። የፊት ለፊቱ መሃሉ ጎብጧል። ከመጋጠሚያዎቹ ውሃ ይንጠባጠባል። በ2022/23 ዊንተር ደግሞ፣ እዚህ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ ከ90 ኢንች በላይ በረዶ የወረደበት ዓመት ነው፣ የልጆቹ ክፍል ኮርኒስ ላይ ውሃ ገባ። ባለቤቴ መሰላል ላይ ወጥቶ የጣራውን ጠርዝ በመጥረቢያ ሲመታ ሳየው ልቤ ነው የወጣው።

ሁለት ባለሙያ አስመጣሁ። አንደኛው አሉሚኒየም ነው ያለኝ። ሁለተኛው መዳብ፣ ዋጋው የመጀመሪያውን 4 እጥፍ ይጠጋል። «መዳብ ካስገባሽ በረዶው ጣራሽ ላይ ግድብ አይሠራም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር መዳብ እወዳለሁ። ሰሚት አቬኑ ላይ በእግር ስሄድ ዓይኔ የሚያርፈው እነዚያ ያረጁ ቤቶች አሸንዳ ላይ ነው። ግን በዚህ ዋጋ ለውበት ብቻ አልከፍልም። ጥያቄዬ፦ መዳብ ብርዱን ይችላል? አይስ ዳሙንስ፣ ያንን የበረዶ ግድብ ማለቴ ነው፣ ያስቆማል?

የብሉሚንግተኑ፦
እህቴ ሰላም። ቀጥታ ልንገርሽ፣ አሉሚኒየም አስገቢና ቀሪውን ገንዘብ ለሌላ ነገር አውዪው። እኔ 9 ዓመቴ ነው፣ ምንም አልሆነብኝም። ወፍራሙን ነው ያስገባሁት፣ 0.8 ሚሊ የሚሆነውን። ቀጭኑን 0.7ቱን እንዳትቀበዪ፣ መሰላል ስትደገፊበት ይጎደጉዳል።

ሌላው ስርቆት ነው። መዳብ በአሁኑ ጊዜ ገንዘብ ነው። 2024 ላይ የዓለም ገበያ ዋጋው በቶን ከ10,000 ዶላር አልፎ ነበር። ሴንት ፖል ውስጥ የመንገድ መብራት ገመድ እየተቆረጠ ስንት ጎዳና ጨለማ እንደሆነ አይተሻል። በዚህ የተነሳ ነው ሚኒሶታ ከጥር 2025 ጀምሮ ቁርጥራጭ መዳብ ለመሸጥ ፈቃድ ይኑራችሁ ያለችው። ውሃውን ከአሸንዳው ወደ መሬት የሚያወርደው የግድግዳው ቱቦ እኮ ከመሬት እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው ያለው። ሌሊት ነቅለውት ቢሄዱ አትሰሚም።

ቆርቆሮ_ሠሪው፦
ልጄ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፣ ለየብቻ ልመልስልሽ። እኔ ላሜራ መቀጥቀጥ የጀመርኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው፣ በ15 ዓመቴ። እዚህ ሚኒሶታ ደግሞ 22 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሁሉንም ጣራ ላይ።

መጀመሪያ ስለ አይስ ዳሙ። ያ ሰውዬ የነገረሽ ልክ አይደለም። መዳብም ይሁን አሉሚኒየም፣ የትኛውም አሸንዳ አይስ ዳም አያስቆምም። አያመጣውምም። የሚያመጣው ከቤትሽ የሚያመልጠው ሙቀት ነው። ሙቀቱ በኮርኒሱ ቀዳዳ ሁሉ ወደ አቲክ፣ በኮርኒሱና በጣራው መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ፣ ይወጣል፣ ጣራውን ከሥሩ ያሞቀዋል፣ ላዩ ላይ የተኛው በረዶ ከታች በኩል ይቀልጣል። ውሃው ቁልቁል ይሄዳል። የጣራው ጠርዝ ግን ከግድግዳው ወጣ ያለ ስለሆነ ከሥሩ የሚያሞቀው ነገር የለም። ውሃው እዚያ ሲደርስ ይጋገራል። ተከትሎት የመጣውም ይጋገራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ግድብ ይሆናል፣ ከግድቡ ጀርባ ውሃ ይቋጠራል፣ የተቋጠረው ውሃ በሺንግሉ፣ በጣራው ልባስ፣ ሥር ወደ ላይ ይገባና የልጆችሽ ክፍል ውስጥ ይወርዳል።

ለማረጋገጥ ገንዘብ አያስፈልግሽም። በረዶ ከጣለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጠዋት መንገዱን ተሻግረሽ ቁሚና ጣራሽን ከጎረቤቶችሽ ጣራ ጋር አስተያዪ። የነሱ ላይ በረዶው እኩል ተኝቶ ያንቺ ላይ እዚህም እዚያም ጥቁር ሆኖ ከታየሽ፣ ሙቀቱ የሚያመልጠው በዚያ ጥቁር ቦታ ነው። የመታጠቢያ ቤት አየር ማውጫ ብዙ ጊዜ ወንጀለኛው እሱ ነው። ወደ ውጭ ሳይሆን አቲክ ውስጥ የሚተነፍስ ስንት አይቻለሁ።

ባልሽንም ንገሪልኝ፣ መጥረቢያ ደግሞ እንዳይነካ። ሺንግሉን ይሰነጥቀዋል፣ እሱም ይወድቃል። በእንፋሎት የሚያቀልጡ ሠራተኞች አሉ፣ እነሱን ጥሩ።

ኮሞ_ሰፈር፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ መዳቡን ልተወው ማለት ነው?

ቆርቆሮ_ሠሪው፦
አይደለም ልጄ፣ ገና ነኝ። ሁለተኛው ጥያቄሽ መዳብ ብርድ ይችላል ወይ ነው። ይችላል፣ በጣም። ፕላስቲክ በብርድ ይሰባበራል፤ ጥር 2019 ላይ ሚኒያፖሊስ ማይነስ 33 ሴልሺየስ በገባ ጊዜ ስንቱ ፕላስቲክ አሸንዳ ሲነካ እንደ ብስኩት ሲፈረካከስ በዓይኔ አይቻለሁ። መዳብ እንደዚያ አይሆንም፣ ቢበርደውም አይሰባበርም። አሉሚኒየምም እንደዚያው ነው፣ ወንድማችን የብሉሚንግተኑ ያለው ሐሰት አይደለም።

ልዩነቱ መጋጠሚያው ላይ ነው። ብረት በሙቀት ይረዝማል፣ በብርድ ያጥራል። 12 ሜትር የሆነ አሸንዳ ከማይነስ 30 ብርድ ተነስቶ እስከ 60 ዲግሪ የበጋ ፀሐይ ሲደርስ፣ መዳቡ ወደ 18 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ አሉሚኒየሙ ወደ 26። ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየሙም እጥፍ በላይ። አሉሚኒየም በየማዕዘኑ የሚያያዘው በማስቲሽ ነው። በየዓመቱ 26 ሚሊሜትር ሲለጠጥና ሲሰበሰብ የቆየ ማስቲሽ አንድ ቀን ይለቃል፣ ከዚያ በየጥቂት ዓመቱ መሰላል ማቆም ነው። መዳብ ግን በሪቬት ተይዞ በስታኞ፣ ቀልጦ በሚያጣብቀው ብረት፣ ይበየዳል። በደንብ የተበየደ መጋጠሚያ ከላሜራው ጋር አንድ አካል ነው የሚሆነው።

ችግሩ፣ የሚበይደው ሰው እየጠፋ ነው። መዳብ የሚሸጡልሽ ብዙ ናቸው፣ ማዕዘኑን ግን በሲሊኮን ለጥፈው ነው የሚሄዱት። እንደዚያ ከሆነ የመዳብ ዋጋ ከፍለሽ የአሉሚኒየም ሥራ ገዛሽ። ለሰውዬው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፦ «ማዕዘኑን በምንድነው የምታያይዘው?» ስታኞ ካላለ አሰናብቺው።

ካልጋሪ_ነኝ፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፣ እኔ የቱቦውን ልጨምር። እኛ ጋ ቺኑክ የሚባል ሞቃት ነፋስ አለ፣ ከሮኪ ተራሮች ላይ ይወርዳል። ጠዋት ማይነስ 20 የነበረው ከሰዓት ከዜሮ በላይ ይሆናል፣ ማታ ተመልሶ ይበርዳል። ስለዚህ እኛ ጋ በረዶው አንድ ዊንተር ውስጥ ስንት ጊዜ ቀልጦ ስንት ጊዜ እንደሚጋገር አልነግራችሁም። ውሃ ሲጋገር መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቱቦው ሞልቶ ከተጋገረ የት ይሂድ? የኔ ክብና ለስላሳው ቱቦ ስፌቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። አሁን የቀየርኩት ሽንሽን ያለውን ነው፣ በረዶው ሲገፋው ሽንሽኑ ትንሽ ይከፈትለታል። መዳብም ከሆነ ሽንሽን ያለውን ምረጪ።

ሌላ፣ ውሃው የሚፈስበትን ቦታ አስቢበት። የእኛ ቱቦ በር ላይ ነበር የሚያወርደው፣ መሄጃው ላይ በረዶ ሆኖ እናቴ ወደቀችበት። የእጇ አጥንት ተሰበረ። 4 ወር ጀሶ። ከዚያ በኋላ ወደ ሣሩ አዞርኩት። ከቻልሽ ፀሐይ በሚያገኘው በደቡብ በኩል ይውረድ፣ በሰሜን በኩል ያለ ቱቦ እስከ መጋቢት አይፈታም።

ሙኒክ_12፦
ሰላም ከጀርመን። እዚህ ባቫርያ የመዳብ አሸንዳ የሀብታም ነገር አይደለም፣ ተራ ቤት ላይ ሁሉ ታገኚዋለሽ። ወደ ሰሜን ስትወጪ ነው ዚንክ የሚበዛው። የባለቤቴ ወላጆች ቤት ላይ ያለው ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ያውም የአልፕስ በረዶ በሚበዛበት መንደር።

ሁለት ነገር ከዚያ ቤት ተምሬያለሁ። አንደኛ፣ አሸንዳው ከጣራው መስመር ዝቅ ብሎ ነው የተሰቀለው። ጣራውን ቀጥ ባለ ዘንግ ወደ ፊት ብታስረዝሚው፣ የአሸንዳው የፊት ጠርዝ ከዘንጉ በታች መሆን አለበት። ያኔ የሚንሸራተተው በረዶ በላዩ ያልፋል። ከፍ ብሎ ከተሰቀለ በረዶው ይዞት ይወርዳል። ከበሩ በላይ ደግሞ ጣራው ላይ በረዶ መያዣ አለ።

ሁለተኛ፣ ቀለሙ። የሚያብረቀርቀው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በወራት ውስጥ ቡናማ ይሆናል፣ ቀስ ብሎ ይጠቁራል። አረንጓዴው ብዙ ዓመት ይፈልጋል፣ የባሕር አየር በሌለበት ቦታ እንደውም ላይመጣ ይችላል። አማቴ ቡናማውን ነው የሚወዱት፣ እኔም። አንዳንድ ሰው ሊወለውለው ይሞክራል፣ ያ ቡናማ ቆዳ ግን መዳቡን የሚጠብቀው ነው፣ መነካት የለበትም። የዓሣ ገንዳ ካላችሁ ደግሞ ከመዳብ አሸንዳ የወረደ ውሃ እንዳይገባበት፣ ዓሣ ይጎዳል።

ስቶክሆልም_እናት፦
እኔ ስለ ብረትም ልናገር፣ ማንም አላነሳውም። እዚህ ስዊድን አብዛኛው ቤት ያለው ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ፣ ሆኖ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፣ ግማሽ ክብ። መያዣው በየ60 ሳንቲሙ ነው። ብርዱን ይችላል፣ ዋጋውም ከመዳብ በጣም ያነሰ ነው። እኔ እስካሁን ቅሬታ የለኝም። ቀለሙ ከተፋቀ ግን ቶሎ ማስቀባት ነው፣ አለዚያ ይዝጋል።

ከጣራ ላይ ስለሚንጠለጠለው የበረዶ ጦርም አትርሺ። እዚህ አገር ከጣራ የወደቀ በረዶ ሰው ከጎዳ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ልጆች ካሉሽ በር ላይ ምንም እንዳይንጠለጠል።

ኮሞ_ሰፈር፦
ሁላችሁም ተባረኩ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከፊት ለፊት መዳብ፣ ከኋላ አሉሚኒየም ባደርግስ? ማዕዘኑ ላይ ይገናኛሉ። ዋጋውም ይቀንሳል።

ቆርቆሮ_ሠሪው፦
እንዳታደርጊው ልጄ። መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። ሳይነካኩም እንኳ ከመዳብ ላይ የወረደ ውሃ አሉሚኒየም ወይም ጋልቫናይዝድ ላይ ከፈሰሰ ይበሳዋል። ሁለቱን ለይተሽ፣ ውሃቸው እንዳይገናኝ አድርገሽ፣ ለየራሳቸው ቱቦ ሰጥተሽ ከሆነ ይሁን። ማዕዘን ላይ አገናኝተሽ ግን አይሆንም።

ይሄ ነገር ብዙ ሰው የማያየው ቦታ አለ። የጣራው ጠርዝ ላይ ያለችው ቀጭን ላሜራ፣ ከሺንግሉ ሥር ወጥታ አሸንዳው ውስጥ የምትገባው፣ ብዙ ቤት ላይ አሉሚኒየም ናት። ፋሻ ቦርዱም፣ አሸንዳው የሚሰቀልበት የጣራ ጠርዝ ጣውላ፣ በአሉሚኒየም የተለበጠ ነው። መዳብ ካስገባሽ እነሱም መቀየር ወይም እንዳይነካኩ መለየት አለባቸው። መያዣው መዳብ ወይም ናስ፣ ብሎኑ ናስ ወይም አይዝጌ ብረት። ተራ ሚስማር ከገባበት በጥቂት ዓመት ውስጥ ሚስማሩ ያልቃል፣ አሸንዳው ይወርዳል።

መያዣ አትሰስቺ። ሒሳቡን ልሥራልሽ፦ 15 ሳንቲም ስፋት ያለው ግማሽ ክብ አሸንዳ በበረዶ ሲሞላ በሜትር 8 ኪሎ ይሆናል። 12 ሜትሩ ወደ 100 ኪሎ። አንድ ኩንታል ጤፍ ማለት ነው፣ ጫፉ ላይ የሚንጠለጠለውን በረዶ ሳልቆጥር። ስለዚህ እኔ የምሰቅለው በየ40 ሳንቲሙ ነው፣ ከዚያ አላሰፋም። የመዳቡ ውፍረት ደግሞ 20 አውንስ የሚባለው ይሁን፣ ወደ 0.7 ሚሊ ነው። 16 አውንሱ 0.55 ነው። እሱም ይሠራል፣ ግን ለእኛ በረዶ ወፍራሙ ይሻላል። አሸንዳው ከ15 ሜትር ከበለጠ የመለጠጫ መጋጠሚያ ሳይሠራለት እንዳይበየድ፣ ይቀደዳል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ቤቱ የ1926 ነው ብለሻል። አሁን ያለው አሸንዳ ምንድነው?

ኮሞ_ሰፈር፦
ነጭ ነው ጋሼ። ቀለም የተቀባ። ግማሽ ክብ። እኔ ብረት መስሎኝ ነበር።

ቆርቆሮ_ሠሪው፦
የፍሪጅ ማግኔት ያዢና አስጠጊው። ከተያዘ ብረት ነው። ካልተያዘ፣ ከማይታይ ቦታ ትንሽ ጫሪው፣ የጥፍር ያህል። ግን ተጠንቀቂ፣ ከ1978 በፊት የነበረ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ጓንትና ማስክ አድርጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሺው፣ ልጆቹ አይቅረቡ።

ኮሞ_ሰፈር፦
ጋሼ!! ማግኔቱ አልያዘም። ባለቤቴ ጫረው። ቀይ ነው። መዳብ ነው። የፊት ለፊቱ በሙሉ መዳብ ነው፣ ከላዩ ስንት ዓመት ቀለም ሲቀቡበት ኖረው ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። የኋላው ማግኔቱን ያዘ፣ እሱ በኋላ የተጨመረ ብረት ነው መሰለኝ።

ካልጋሪ_ነኝ፦
እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። 4 ዓመት መዳብ ሥር ስትገቢና ስትወጪ።

የብሉሚንግተኑ፦
ይሄንስ አልጠበቅኩም። ምክሬን አንስቻለሁ። ያለን መዳብ አውርዶ አሉሚኒየም መስቀል አይገባም። ቱቦውን ግን አሁንም ጠብቂ።

ቆርቆሮ_ሠሪው፦
ደስ ብሎኛል። ጎበጠ ያልሽው መዳቡ አልቆ ላይሆን ይችላል፣ መያዣው ነው የሚሆነው። አሁን ውስጡን በባትሪ መብራት እዪ። ከሺንግሉ ጠርዝ ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ፣ መስመር ሠርቶ የሳሳ ወይም የተበሳ ነገር አለ? ያረጀ ሺንግል አሲድነት ያለው ውሃ ያወርዳል፣ እንጨት ሺንግል ደግሞ የባሰ ነው፣ መዳቡን በዚያች መስመር ይፈገፍገዋል። መስመሩ ደህና ከሆነ አሸንዳው ገና ዕድሜ አለው። ቅዳሜ ነፃ ነኝ። አድራሻሽን በግል ላኪልኝ፣ መጥቼ አየዋለሁ። ክፍያ አልፈልግም፣ ቡና አፍዪልኝ።

ኮሞ_ሰፈር (ከ6 ሳምንት በኋላ)፦
የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልመለስ ብዬ ነው።

ጋሼ መጥተው ነበር። አብረናቸው ወጣን ወረድን። መስመሩ ደህና ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ሳስቷል። ሦስት መጋጠሚያ ላይ የድሮው ስታኞ ተሰንጥቋል፣ ውሃው የሚንጠባጠበው በዚያ ነበር። መያዣዎቹ ብረት ናቸው፣ ግማሹ በዝገት አልቋል፣ በየ90 ሳንቲሙ ነው የተሰቀለው። እሳቸው ሦስቱን መጋጠሚያ አጥበው፣ አሽተው እንደገና በየዱት። እኔ ቁጭ ብዬ ሳይ ነበር። ስታኞው ቀልጦ ስፌቱ ውስጥ ሲገባ፣ በመስመሩ ሮጦ ሲደርስ ማየት ዓይን ያስፈዝዛል። የሳሳው ላይ ከውስጥ መዳብ ለጠፉበት። መያዣው በሙሉ በመዳብ ተቀየረ፣ በየ40 ሳንቲሙ። ቡና ብቻ ብለው ነበር፣ ባለቤቴ የእቃውንና የድካማቸውን ካልከፈልኩ አይሆንም ብሎ በግድ አስያዛቸው።

የኋላው ብረት ለብቻው ውሃ ስለሚያወርድ ትተነዋል። ዘንድሮ አንነካውም።

የተረፈው ገንዘብ አቲክ ውስጥ ገባ። ጋሼ የጠረጠሩት ትክክል ነበር፦ የላይኛው መታጠቢያ ቤት አየር ማውጫ አቲኩ ውስጥ ነበር የሚተነፍሰው፣ እንጨቱ ሁሉ ጠቁሯል። ወደ ውጭ ወጣ። በግድግዳውና በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለው ቀዳዳ ተደፈነ፣ ከዚያ ኢንሱሌሽኑ፣ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያደርገው ሙሌት፣ እስከ አር 60 ተሞላ፤ አር ሙቀት የመያዝ አቅሙ መለኪያ ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ኢንሱሌሽን ብቻ መጨመር ዋጋ የለውም ብለውናል፣ ይሄን ያየ ሰው ልብ ይበል።

ቀለሙን ለመላጥ ቸኩዬ ነበር። እርሳስ ስላለበት ፈቃድ ያለው ሰው ነው የሚያነሳው፣ ለግንቦት ቀጥረናል።

ትናንት ማታ 7 ኢንች ጣለ። ዛሬ ጠዋት መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩ። ጣራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነው። አንድ ጥቁር ቦታ ብቻ አለ፣ ከደረጃው በላይ።

ቆርቆሮ_ሠሪው፦
እሱ የአቲኩ መውጫ ክዳን ነው። ጠርዙን በላስቲክ አሽጊው፣ ላዩ ላይ ፎም ለጥፊበት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።